በጊዜው ያልተሰማ ምክር፦ የውድድር ተቆጣጣሪዎች፣ መንግሥታትና የታክሲው ገበያ

ዋሽንግተን ከተማ ደርሶ ታክሲ የያዘ ኢትዮጵያዊ የመጀመሪያውን «ጤና ይስጥልኝ» የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከባለታክሲው ነው። ከደርግ ዘመን ስደት ጀምሮ በዚያች ከተማ የታክሲ መሪ የጨበጠው ወገናችን ቁጥሩ ቀላል አይደለም። መምህር የነበረ አለ፤ መሐንዲስ የነበረ አለ፤ የመንግሥት ሹም የነበረም አለ። በዚያው መሪ ላይ ተቀምጦ ልጆቹን ያስተማረ፣ ቤት የገዛ፣ አገር ቤት ላለ ዘመድ የደረሰ ብዙ ነው። ከ2011 ማብቂያ በኋላ ግን የዚህ ሰው ጨዋታ ተለወጠ። ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ከማውጋቱ በፊት ስለ ኡበር ማውራት ጀመረ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ይህን ነገር ማን አመጣብን?» የሚለው ጥያቄ በባለታክሲዎቹ መካከል ተደጋግሞ ይነሣል። አንዱ ቴክኖሎጂውን፣ ሌላው የከተማውን ምክር ቤት፣ ሦስተኛው የካሊፎርኒያን ባለሀብቶች ይወቅሳል። በዚህ ወቀሳ ውስጥ ስሙ እምብዛም የማይጠቀስ አንድ ወገን አለ፤ እርሱም የንግድ ውድድርን የሚቆጣጠረው መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ነው። ነባሩን ገበያ የሚያናጋ አዲስ ፈጠራ በመጣ ቁጥር፣ ይህ መሥሪያ ቤት ለከተሞችና ለክፍለ ግዛቶች «በሩን አትዝጉ» እያለ ሲመክር ኖሯል። የታክሲው ታሪክ ይህ ምክር እንዴት እንደተወለደ፣ መቼ እንደተሰማና መቼ እንደተናቀ ከሁሉ በተሻለ ያሳያል።

አበው «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ። በታክሲው ታሪክ ግን ተረቱ በግማሹ ብቻ ሠራ። ምክሩ ዘግይቶ አልተሰጠም፤ ዘግይቶ ተሰማ። እምቢ ያለው የከተማ ሹም ነበር፤ መከራው የመከረው ግን መሪ የጨበጠውን ሰው ሆነ። መካሪውም ቢሆን ከነቀፋ ነጻ አይደለም፤ ተሳፋሪውን አጥርቶ ሲያይ አሽከርካሪውን ለረጅም ጊዜ ሳያይ ቀርቷልና።

ከከሳሽነት ወደ መካሪነት

መንግሥት በኪራይ ተሽከርካሪዎች ቁጥር ላይ ገደብ ማበጀቱ ጥንታዊ ነገር ነው። በኦሊቨር ክሮምዌል ዘመን፣ በ1654፣ የለንደን የኪራይ ሠረገሎች ቁጥር በሕግ ተወስኖ ነበር። አዲሱ ነገር፣ ከራሱ ከመንግሥት ውስጥ ተነሥቶ «ይህ ገደብ የሚጠቅመው ማንን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት መፈጠሩ ነው።

የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1914 ሲቋቋም የታለመው ነጋዴዎች ሕዝቡን እንዳያጭበረብሩና ገበያውን በሕገ ወጥ መንገድ ለብቻቸው እንዳይቆጣጠሩ ለመከላከል ነበር። ውድድሩን የሚያፍነው ነጋዴው ሳይሆን ራሱ መንግሥት ሲሆንስ? በ1943 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከካሊፎርኒያ የዘቢብ ገበያ ጋር በተያያዘ በሰጠው ውሳኔ፣ አንድ ክፍለ ግዛት በሉዓላዊ ሥልጣኑ ውድድርን ቢገድብ የፀረ ሞኖፖሊ ሕጉ እንደማይነካው በየነ። ከዚያ በኋላ የነጋዴን ምስጢራዊ ስምምነት መክሰስ ይቻላል፤ ያንኑ ስምምነት ክፍለ ግዛቱ በሕግ ካጸደቀው ግን የከሳሹ እጅ ይታሠራል።

ኮሚሽኑ የዚህን ገመድ ርዝመት የለካው በ1984 ነው። በዚያ ዓመት የሚኒያፖሊስንና የኒው ኦርሊንስን ከተሞች በታክሲ ደንባቸው የተነሣ ከሰሰ፤ ከነባር የታክሲ ድርጅቶች ጋር ተባብራችሁ አዲስ ገቢ ከልክላችኋል የሚል ነበር ክሱ። ሚኒያፖሊስ ደንቧን አሻሻለችና ክሱ ተነሣ። በኒው ኦርሊንስ ግን የተከሰተው ሌላ ነው፤ የሉዊዚያና ክፍለ ግዛት የከተማዋን ሥልጣን በሕግ ስላጸናላት ኮሚሽኑ ክሱን ለመተው ተገደደ። ኮንግረሱም በዚያው በ1984 የአካባቢ መንግሥታት በፀረ ሞኖፖሊ ሕግ የገንዘብ ካሳ እንዳይጠየቁ የሚከላከል ሕግ አወጣ። መልእክቱ ግልጽ ነበር፦ ከተሞችን በክስ መግራት አይቻልም።

በሌላ በኩል፣ የኮሚሽኑ ሁለት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ያዘጋጁት የታክሲ ደንብ ጥናት የወጣው በዚያው ዓመት ነበር። ጥናቱ ሁሉንም ደንብ አላወገዘም። የመኪና ደኅንነት ምርመራ፣ ኢንሹራንስና በአንዳንድ ሁኔታ የዋጋ ጣሪያ ምክንያት ሊኖራቸው ይችላል ብሏል። የታክሲዎችን ቁጥር መገደብ ግን በኢኮኖሚ አስተሳሰብ የሚያቆመው መሠረት እንደሌለው አስረዳ። ከሁሉ የሚከነክነው ማስረጃው ይህ ነው፦ ድሃው ከገቢው ለታክሲ የሚያወጣው ድርሻ ከሀብታሙ ስለሚበልጥ፣ ገደቡ ከፍ አድርጎ የሚጭነው በድሃው ላይ ነው።

እንግዲህ ክሱ ሲከሽፍ ጥናቱ ቀረ። በትር ያጣ መሥሪያ ቤት አንደበቱን መጠቀም ጀመረ። በየክፍለ ግዛቱና በየከተማው ለሚረቀቅ ደንብ አስተያየት መጻፍ መደበኛ ሥራው ሆነ። ምክሩ ኃይል የለውም፤ የተጻፈለት ሹም አንብቦ መሳቢያው ውስጥ ሊከተው ይችላል። ብዙውም እንዲያ አደረገ።

የኒው ዮርክ ቆርቆሮ

ምክሩን መናቅ ምን እንደሚያስከፍል ለማየት ኒው ዮርክን መመልከት ይበቃል። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ሥራ ያጣ ሁሉ ታክሲ ነጂ ሆነና ገበያው ተጨናነቀ። ከተማዋ በ1937 ባወጣችው ሕግ የታክሲዎችን ቁጥር ወሰነች። ፈቃዱም ሜዳሊዮን በሚባልና በመኪናው ኮፈን ላይ በሚለጠፍ ቁራጭ ብረት ተመሰለ። የመጀመሪያው ዋጋው 10 ዶላር ብቻ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ቁጥሩ 11,787 ላይ ቆመና እስከ 1996 ድረስ በዚያው ረጋ። ከተማዋ ስታድግ፣ ሕዝቧ ሲበዛ፣ የቆርቆሮው ቁጥር አልተነቃነቀም።

እያጠረ የሄደ ነገር ዋጋው ይንራል። ሜዳሊዮኑ መኪና ለመንዳት ከሚያስፈልግ ወረቀትነት ወደ ሀብትነት ተለወጠ፤ ይሸጣል፣ ይወረሳል፣ በመያዣነት ያስበድራል። በ2013 እና በ2014 አንዱ ሜዳሊዮን ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እሻለሁ። ከተማዋ ራሷ አዳዲስ ሜዳሊዮኖችን በጨረታ ትሸጥ ነበር፤ ከሽያጩም በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ወደ ካዝናዋ አስገብታለች። ዋጋው ከፍ እንዲል የምትፈልግ ሻጭና ገበያውን በገለልተኝነት መምራት ያለባት ዳኛ አንድ አካል ሆኑ። እንዲህ ያለች ከተማ «ገደቡን አንሺ» የሚል ምክር እንዴት ትሰማለች?

ገዢው ማን ነበር? ከደቡብ እስያ፣ ከካሪቢያን፣ ከአፍሪካ የመጣ ስደተኛ። ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ለሌላ ሰው ሲነዳ ኖሮ «አሁንስ የራሴ ጌታ ልሁን» ብሎ፣ ከአቅሙ በላይ ተበድሮ የገዛ ሰው ነው። ኡበር ኒው ዮርክ የገባው በ2011 ነበር። በ2018 በስልክ መተግበሪያ የሚጠሩት መኪኖች ከ80,000 በላይ ደረሱ፤ የሜዳሊዮን ዋጋ ተንኮታኮተ፤ ዕዳው ግን ባለበት ቆመ። በዚያው በ2018 በርካታ አሽከርካሪዎች የገዛ ሕይወታቸውን አጠፉ። በ2021 ባለሜዳሊዮኖች በከተማው አዳራሽ ፊት ለፊት የረሃብ አድማ መቱ። በኅዳር ወር ላይም የብዙዎቹ ዕዳ ወደ 170,000 ዶላር እንዲወርድና ከተማዋ ዋስ እንድትሆን ስምምነት ተደረሰ።

የ1984ቱ ጥናት ሲወጣ የሜዳሊዮን ዋጋ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር። ገደቡ ያኔ ቀስ በቀስ ቢላላ ኖሮ የሚጎዳ ሰው አይጠፋም፤ ግን ጉዳቱ የሚቻል ይሆን ነበር። ሠላሳ ዓመት የቆየ ዝምታ ትንሹን ቁስል ነቀርሳ አደረገው።

የደብዳቤዎቹ ዘመን

ኡበር በ2010 በሳን ፍራንሲስኮ ሥራ ሲጀምር የየከተማው ባለሥልጣናት የመጀመሪያ ምላሽ ክልከላ ነበር። በዚህ ጊዜ የውድድር ተቆጣጣሪዎቹ የአሮጌውን ጥናት አቧራ አራግፈው ብዕራቸውን አነሡ።

በመጋቢት 2013 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሠራተኞች ለኮሎራዶ ጻፉ። በዚያ የቀረበው ረቂቅ ደንብ የቅንጦት መኪኖች በርቀት ለክተው እንዳያስከፍሉ፣ ከሆቴልና ከምግብ ቤት በ200 ጫማ ክልል ውስጥም እንዳይቆሙ ይከለክል ነበር። ተሳፋሪው ባለበት ቦታ አትቁም ማለት ሥራህን አትሥራ ማለት ነው። ኮሚሽኑ ለደኅንነት ወይም ለሸማች ጥበቃ የማያስፈልግ ክልከላ እንዲቀር መከረ። በሰኔ ወር ተመሳሳይ ደብዳቤ ለዋሽንግተን የታክሲ ኮሚሽን ጻፈ፤ በሚያዝያ 2014 ደግሞ ለቺካጎ። ኮሎራዶ በሰኔ 2014 ይህን አገልግሎት በአዋጅ የፈቀደች የመጀመሪያዋ ክፍለ ግዛት ሆነች። ዋሽንግተንም በዚያው ዓመት ሕግ አወጣች።

ከባሕር ማዶ ያለው የለንደን ጉዳይ የበለጠ ያስተምራል። የከተማዋ የትራንስፖርት ባለሥልጣን በመስከረም 2015 ለውይይት ባቀረበው ሐሳብ፣ ተሳፋሪ መኪና ካዘዘ በኋላ ቢያንስ 5 ደቂቃ እንዲጠብቅ፣ መተግበሪያውም በአቅራቢያ ያሉ መኪኖችን እንዳያሳይ ሊያስገድድ አስቦ ነበር። መኪናው ደጃፍ ቆሞ ሳለ ተሳፋሪው ሰዓቱን እያየ ይቆማል ማለት ነው። የብሪታንያ የውድድርና ገበያዎች ባለሥልጣን ይህን በጽሑፍ ተቃወመ። ከተቃውሞው ጋር ያቀረበው አማራጭ ግን ከተቃውሞው ይልቃል፦ ጥቁሮቹ ታክሲዎች ሸክም በዝቶባቸው ከሆነ፣ በአዲሱ ላይ ተመሳሳይ ሸክም ከመጫን ይልቅ ከነባሮቹ ላይ አንሡላቸው አለ። በጥር 2016 ሁለቱም ሐሳቦች ተተዉ።

በሜክሲኮም በዚያን ጊዜ የነበረው የውድድር ኮሚሽን በሰኔ 2015 ለክፍለ ግዛቶች አገልግሎቱን እንደ አዲስ ዘርፍ እንዲያውቁት መከረ። የሜክሲኮ ከተማ በቀጣዩ ወር አገልግሎቱን በደንብ ፈቀደች፤ ከየጉዞው ክፍያ ላይ 1.5 በመቶ ለትራንስፖርት ዘርፉ መደገፊያ ፈንድ እንዲቀነስም ወሰነች። የካናዳ የውድድር ቢሮም በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የታክሲ ደንብ እንዲሻሻል የሚመክር ጽሑፍ አወጣ።

የእነዚህ ምክሮች ጭብጥ በሦስት ጥያቄዎች ይጠቃለላል። ደንቡ የሚከላከለው ተጨባጭ አደጋ አለ ወይ? ካለስ፣ ከዚህ ያነሰ ክልከላ አይበቃም ወይ? ደንቡ የሚጠብቀው ተሳፋሪውን ነው ወይስ ነባሩን ነጋዴ? ማንኛውም ሕግ አውጪ ከወንበሩ ፊት ለፊት ጽፎ ሊሰቅላቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ናቸው።

መካሪው ያላየው

ይሁን እንጂ አራተኛ ጥያቄ ጎድሎ ነበር፦ የሚነዳውስ? የውድድር ሕግ ባሕርዩ ሸማቹን ማየት ነው። ዋጋ ከወረደ፣ ጥበቃ ካጠረ፣ ምርጫ ከበዛ ሚዛኑ ደፍቷል ይላል። ዋጋው የወረደው በቴክኖሎጂው ብልጫ ነው ወይስ ኩባንያው ከባለሀብቶች በሰበሰበው ገንዘብ እየደጎመው፣ አሽከርካሪውም የነዳጁንና የጎማውን ወጪ ብቻውን እየተሸከመ? ይህ በእነዚያ ደብዳቤዎች ውስጥ ጎልቶ አልተነሣም።

በጥር 2017 ያው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ኡበርን ከሰሰ፤ ኩባንያው አሽከርካሪዎችን ለመመልመል የሚያገኙትን ገቢ አጋንኖ ተናግሯል በሚል ነበር። ኡበር በስምምነት 20 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። በሩ እንዲከፈት የመከረው መሥሪያ ቤት፣ በተከፈተው በር የገቡት ሰዎች መታለላቸውን ከአራት ዓመት በኋላ ተመለከተ ማለት ነው።

የሲያትል ታሪክ ደግሞ ይብሳል። በታኅሣሥ 2015 የሲያትል ከተማ ምክር ቤት በመተግበሪያ የሚሠሩ አሽከርካሪዎች ተደራጅተው በክፍያቸው ላይ እንዲደራደሩ የሚፈቅድ ደንብ በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ከአፍሪካ ቀንድ የሄዱ ብዙ ወገኖቻችን በዚህ ሥራ ላይ ያሉባት ከተማ ናት። የአገሪቱ የንግድ ምክር ቤት ደንቡን በፍርድ ቤት ሲሞግት፣ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና የፍትሕ ሚኒስቴር በኅዳር 2017 ከተማዋን በመቃወም አስተያየታቸውን አቀረቡ። አሽከርካሪዎቹ ተቀጣሪዎች ሳይሆኑ እያንዳንዳቸው ለራሳቸው የቆሙ ነጋዴዎች ስለሆኑ፣ ተሰብስበው ዋጋ መወሰናቸው በሕጉ ፊት እንደ ነጋዴዎች ምስጢራዊ ስምምነት ይታያል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በግንቦት 2018 ከተማዋ በዚህ ረገድ ከፀረ ሞኖፖሊ ሕግ ከለላ እንደሌላት ወሰነ። አንድ ኩባንያ በአንድ ቀመር የሺዎችን ዋጋ ሲወስን ዝም ያለ ሕግ፣ እነዚያ ሺዎች ተሰብስበው «ዋጋችን ይህ ነው» ሲሉ ተቆጣ። የሕጉን አመክንዮ ይህ ጸሐፊ ይረዳዋል፤ ፍትሕ ነው ብሎ ለመቀበል ግን ይቸገራል።

የተረፈውን ሌሎች ሠሩት። ኒው ዮርክ በነሐሴ 2018 አዳዲስ የመተግበሪያ መኪኖች ፈቃድ መስጠት አቆመች፤ ከየካቲት 2019 ጀምሮም አሽከርካሪው ወጪው ተቀንሶ በሰዓት ቢያንስ 17.22 ዶላር እንዲደርሰው ደነገገች። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየካቲት 2021 የኡበር አሽከርካሪዎች የሠራተኛ መብት እንዳላቸው በየነ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም በመስከረም 2022 በመተግበሪያ የሚሠሩ ሠራተኞችን መጠበቅ ሥራው እንደሆነ የሚገልጽ የፖሊሲ መግለጫ አወጣ። አራተኛው ጥያቄ በመጨረሻ ተጻፈ።

ሁለት ከተሞች፣ አንድ ማዕበል

ወደ ዋሽንግተኑ ወገናችን እንመለስ። ዋሽንግተን እንደ ኒው ዮርክ የሜዳሊዮን ሥርዓት አልነበራትም። ክፍያው እስከ 2008 ድረስ በሜትር ሳይሆን ከተማዋን በከፋፈሉ ቀጠናዎች ይታሰብ ነበር፤ ባለታክሲውም በአብዛኛው የራሱ መኪና ጌታ ነበር። አዲስ ስደተኛ በርካሽ ገብቶ እንጀራውን የሚጋግርበት ገበያ ነበር። ያም ሆኖ ፈቃድ በጠበበበት ጊዜ ሁሉ የሚከተለው እዚህም አልቀረም፤ በመስከረም 2009 የታክሲ ፈቃድ ለማግኘት ጉቦ ሰጥተዋል የተባሉ በርካታ ሰዎች በፌዴራል መርማሪዎች ተያዙ። በ2011 የሜዳሊዮን ሥርዓት ለማምጣት ረቂቅ ሕግ ሲቀርብ ብዙ ባለታክሲዎች፣ ኢትዮጵያውያኑም ጭምር፣ አጥብቀው ተቃወሙ። ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ቀረ።

ያ ተቃውሞ ከምን እንዳዳናቸው የታወቀው በኋላ ነው። በሁለቱም ከተሞች ማዕበሉ አንድ ነበር። በዋሽንግተን ባለታክሲው ገቢው ቀነሰ፤ በ2014 መንገድ ዘግቶ ጥሩንባ እየነፋ ጮኸ፤ አንዳንዱም መኪናውን ቀይሮ ራሱ ወደ ኡበር ገባ። ኑሮው ተናጋ፤ የሚሊዮን ዶላር ዕዳ ግን አንገቱ ላይ አልታሠረም። የኒው ዮርኩ ባልንጀራው ከገቢው ጋር ቤቱንም፣ የጡረታ ተስፋውንም አጣ። የሁለቱን ዕጣ የለየው ቴክኖሎጂው አልነበረም፤ ቀድሞ የነበረው ደንብ ነው። የውድድር መካሪው በ1984 ልክ ነበር የምለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ሁለት ነው። መጀመሪያ፣ መካሪው ፈቃድ ከሚሸጠው እጅ ውጭ መቀመጥ አለበት። ሁለተኛ፣ «በሩን ክፈቱ» የሚል መካሪ በሩ ሲከፈት የሚደቀቀውን ሰው ካሳ አብሮ ማስላት አለበት። ይህ የማይቻል ነገር አይደለም። የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ከየካቲት 2018 ጀምሮ በታክሲና በመተግበሪያ መኪኖች በሚደረግ በእያንዳንዱ ጉዞ ላይ 1 ዶላር ቀረጥ ጥላ ለነባር ባለፈቃዶች ድጎማ አውላዋለች። ከለውጡ የተጠቀመው ተሳፋሪ፣ በለውጡ የተጎዳውን ባለታክሲ በጥቂቱ ደገፈ።

ጥያቄው ከደጃችን የራቀ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ እነራይድና ፈረስ ከሰማያዊዎቹ ላዳዎች ጎን መሥራት ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ነገ ደግሞ በሌላ ዘርፍ ሌላ ይመጣል። በእኛ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ የንግድ ውድድር ሕግ ነበረን፤ በ2006 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 813 የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ሥልጣኑ ተደነገገ። ባለሥልጣኑ ግን በ2014 ዓ.ም. በተደረገው የአስፈጻሚ አካላት አደረጃጀት ለውጥ ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃለለ። መካሪው በሚመከረው ሰው ቤት ውስጥ ደመወዝተኛ ሆኖ ሲያድር «ጌታዬ፣ ይህ ደንብዎ ነባሩን ነጋዴ እንጂ ሕዝቡን አይጠቅምም» ብሎ ለመጻፍ ምን ያህል ድፍረት እንደሚያሻው አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ምክር በነጻ የሚሰጥ ስለሆነ ርካሽ ይመስላል። ከኒው ዮርክ ከተማ አዳራሽ ፊት ለፊት ተርበው የተቀመጡት ሽማግሌዎች ግን የዋጋውን ልክ ያውቁታል።